ለገጣፎ ያለው ሮው ሀውስ፦ አንድ ክረምት ከኖርኩበት በኋላ

ሰኔ ላይ ገባሁ፣ አሁን ጥቅምት ነው። ቤቱ ጂ ፕላስ ዋን ነው፤ ግድግዳ ተጋርተው በአንድ ተራ ከተሰለፉት ስምንት ቤቶች አምስተኛው። ፊቱን በጣም እወደዋለሁ። መስኮቶቹ በአንድ መስመር ስለዋሉ ከአስፋልቱ ሲታዩ ስምንቱም አንድ ትልቅ ቤት ይመስላሉ።

ሥራዬ የሕንጻ ፕላን መሳል ነውና የዚህን አሠራር ታሪክ አውቀዋለሁ። እንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ ያለው ሮያል ክረሰንት እ.ኤ.አ. ከ1767 እስከ 1774 ሲሠራ 30 ቤቶችን በአንድ ፊት አያይዟል። ትንሹ ጆን ዉድ የነደፈው ፊቱን ነው፤ ከጀርባ እያንዳንዱ ገዢ እንደ ፍላጎቱ አስገነባ። በ1774 ለንደን ላይ የወጣው የሕንጻ ሕግ ደግሞ ቤቶችን በደረጃ ከፋፍሎ የጋራ ግድግዳቸውን ውፍረት ወሰነ፤ እሳት ከቤት ቤት እንዳይዛመት።

የእኛ አልሚ ፊቱን ወስዶ ግድግዳውን ተወው። በእኔና በጎረቤቴ መካከል ያለው ባለ 15 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት ብቻ ነው፣ ልስኑም ስስ። ጎረቤቴ እማማ ጠዋት ቡና ሲወቅጡ ዘነዘናው ትራሴ ሥር ይመታል። ቡና ሲደርስ ግድግዳውን መታ መታ አድርገው ይጠሩኛል፤ እሱን ወድጄዋለሁ። የልጅ ልጃቸውን የሌሊት ሳል መስማት ግን ያሳቅቀኛል።

ሐምሌ ላይ የጋራው አሸንዳ ሞልቶ ደረጃው ላይ ውሃ ወረደ። ሦስቴ ደውዬ በአራተኛው መጥተው ሬንጅ ቀቡት፣ እስካሁን ይዟል። ለመግዛት የምታስቡ፣ ቤቱን ዝናብ እየዘነበ እዩት፤ ከመፈረማችሁ በፊትም አንድ ሰው ጎን ካለው ቤት ገብቶ ያውራላችሁ።