አዲስ አበባ ግንፍሌ ላለው ቤታችን፦ በጥር ጉዞዬ የተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች

የወላጆቻችን ቤት ካርታ ዛሬም በአባታችን ስም ነው። አባታችን ካረፈ ዘጠኝ ዓመት፣ እናታችን ካረፈች ሁለት ዓመት ሆነ። እኔ የምኖረው ስቶክሆልም ነው፤ እህቴ ቶሮንቶ ናት፤ ታናሽ ወንድማችን ግን እናታችንን እስከ መጨረሻዋ ቀን እያስታመመ ግንፍሌ ካለው ግቢ ሳይወጣ ኖሯል። በ2017 ዓ.ም. ጥር የአራት ሳምንት ፈቃድ ይዤ የገባሁት ይህን ወረቀት መልክ ለማስያዝ ነበር። በየዓመቱ በተመሳሳይ ጉዳይ የሚመጣ ሰው ብዙ ስለሆነ ማን እንዴት እንዳስተናገደኝ እጽፋለሁ።

በሦስተኛው ቀን በራችንን ያንኳኳው ደላላ ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች ለወንድሜ የሰጠችው ጠቅላላ ውክልና እንዳለ ሰምቷል። «በእርሱ መሸጥ ይቻላል፤ ገዢም አለኝ» አለን። ውክልናው ማኅተም ስላለበት ለአንድ ሌሊት አምኜው አደርኩ። እንዲህ ያለውን ሰው ለማንም አልመክርም።

በማግስቱ ልደታ፣ ከፍርድ ቤቶቹ ብዙም በማይርቅ ሕንጻ ላይ ቢሮ ወዳላት ጠበቃ ሄድኩ። ለአንድ ሰዓት ምክር 2,000 ብር ከፈልኩ፤ በጉዞው ሁሉ ከዚያ የተሻለ ያወጣሁት ገንዘብ የለም። ውክልናውን አንብባ «ይህ ወረቀት እናትዎ ያረፉ ቀን አብሯቸው አርፏል» አለችኝ። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ውክልና በወካዩ ሞት ይቀራል። እናቴ በሕይወት ብትኖር እንኳ በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና የሚያስችለው ማስተዳደርን ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በዋስትና ለማስያዝ ይህንኑ የሚጠቅስ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ደላላው ይህን አያውቅም ብዬ ማመን ይከብደኛል።

ከዚያ ለመጠየቅ የፈራሁትን ጠየቅኋት። ጎረቤታችን እማማ ቡና ላይ «ልጄ፣ እናትሽ ቤቱ ለትንሹ ይሁን ብላ እኛ ፊት ተናዝዛለች» ብለውኝ ነበር። እማማ አይዋሹም፤ እናቴም ያንን ብላ ይሆናል። ጠበቃዋ ግን በቃል የሚደረግ ኑዛዜ ሕጉ የሚቀበለው ለጥቂት ነገር ብቻ መሆኑን አሳየችኝ፤ ለቀብር ሥርዓት፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ሞግዚትነትና እያንዳንዱ ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ። ቤት በቃል አይናዘዙበትም። እናታችን ፈቃዷን በጽሑፍ አድርጋ፣ አራት ምስክሮች ባሉበት ተነቦላት፣ እርሷም ምስክሮቹም ወዲያው ፈርመውበት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ እባካችሁ ይህን አንድ ነገር ንገሯቸው።

ድርሻውንም በወረቀት ላይ ሥላ አስረዳችኝ። ቤቱ የጋራ ሀብት ስለነበር ግማሹ ከመጀመሪያውም የእናታችን ነው፤ ኑዛዜ በሌለበት የሟች አባታችን ግማሽ ደግሞ የሚተላለፈው ለሚስቱ ሳይሆን ለልጆቹ በእኩል ነው። እናታችን ስትሞት የእርሷም ግማሽ ለሦስታችን ሆነ። መሬቱ ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ የመንግሥት ነው፤ የምንወርሰው ቤቱንና የይዞታ መብቱን ነው። ደላላው ያልነገረን ሌላም ጉዳይ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ፣ በውርስ ካልሆነ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ፣ ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ ወደሚያዝ ይዞታ፣ ይገባል። ስለዚህ በውርስ የሚተላለፍ ቤትና የሚሸጥ ቤት አንድ ሒሳብ የላቸውም።

የስዊድን ፓስፖርት ስለያዝኩ ቤት መውረሴ ራሱ ያሳስበኝ ነበር። የ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 270 ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ) ላለው ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን ይፈቅዳል። ካርዱን ሳታሳድሱ እንዳትመጡ።

ሰነዶቼን ያስተረጎምኩበት የትርጉም ቤት ፈጣን ነው፤ ጥንቃቄ ግን የለውም። ከፓስፖርቴ ሲመልሰው የአባቴን ስም በሃሌታው ሀ ጻፈው፤ ካርታው ላይ ያለው በሐመሩ ሐ ነው። ለዚህች አንዲት ፊደል ሁለት ቀን ተመላለስኩ። ከመክፈላችሁ በፊት ስማችሁን ፊደል በፊደል አንብቡ። ፍርድ ቤቱ ራሱ አላስቸገረኝም፤ የሞት የምስክር ወረቀቶቹንና ምስክሮቻችንን ይዘን ቀረብን፣ የወራሽነት ማስረጃውን አገኘን።

ልቤን ያደከመው የይዞታ ማኅደሩ ነው። በአንድ ቢሮ አራት ጊዜ «ማኅደሩ አልተገኘም» ተባልኩ፤ ሦስቱን ቀን ማንም ከመቀመጫው ተነስቶ አልፈለገውም። በአራተኛው ቀን ጡረታ የደረሱ የሚመስሉ አንዲት የማኅደር ክፍል ሠራተኛ «የድሮ የቤት ግብር ደረሰኝ የላችሁም?» ብለው ጠየቁ። እናቴ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ያለውን ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጣ ነበርና ወንድሜ ሮጦ አመጣው። ማኅደሩ ከተማው «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» በሚባሉ የአስተዳደር ክፍሎች ተከፋፍሎ በነበረበት ዘመን በተሰጠው የቤት ቁጥር ተቀምጦ ኖሯል፤ ሴትዮዋ ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አቧራውን እያራገፉ ይዘውት ወጡ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። አሮጌ ደረሰኝ አትጣሉ።

በሰርቪስ ቤታችን የሚኖሩት ባልና ሚስት እስከዚያ ድረስ በቃል ስምምነት ነበር የተከራዩት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዛል። ውሉን ጽፈን አስመዘገብን፤ እነርሱም እኛም ደስ አለን።

የመጨረሻው ጉዳይ ውልና ማስረጃ ነበር፤ የስም ዝውውሩ እኔ በነበርኩበት ጊዜ ስለማያልቅ ለወንድሜ ውክልና መስጠት ነበረብኝ። ተራ ቁጥር ወስጄ ረፋዱ ላይ ጨረስኩ። ያስተናገደችኝ ወጣት ሰነዱን ዝም ብላ አላስፈረመችኝም፤ እያንዳንዱን ሥልጣን ጮክ ብላ አንብባ ፈቃዴን ጠየቀችኝ። እህቴም የእርሷን በኤምባሲ ፈርማ ልካለች፤ ወንድሜ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ካረጋገጠው በኋላ እዚሁ ያስመዘግበዋል።

የእኔ ውክልና አንድ ገጽ ተኩል ነው። ስም ማዛወር፣ ግብር መክፈል፣ ማኅደር መከታተል ይላል፤ መሸጥና ማስያዝ የሚሉ ቃላት የሉበትም። እንዲወጡ የጠየቀው ወንድሜ ነው።