ከመሃሉ ሳያስቆርጡ አይግዙ፦ ለውጭ ግድግዳ የሚሸጠው የታከመ የፓይን ጣውላ ሲገመገም

ለዕቃ ቤት፣ ለጋራዥ ወይም ለጓሮ ጎጆ ልባስ ተብሎ የሚሸጠው የታከመ ጣውላ ሲደረደር ሁሉም አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነው፤ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል። ልዩነቱ ያለው አስተካከሙ ላይ ነው። አንዱ በግፊት የታከመ ነው፦ ጣውላው ትልቅ የብረት በርሜል ውስጥ ይዘጋል፣ አየሩ ይመጠጣል፣ ከዚያ መዳብ ያለበት መድኃኒት ተሞልቶ በኃይል ወደ ውስጥ ይገፋል። ሌላው መድኃኒት ውስጥ ገባ ብሎ የወጣ ነው፤ ረከስ ይላል፣ ነገር ግን መድኃኒቱ ከቆዳው ብዙም አያልፍም። ዝናብና ፀሐይ ለሚፈራረቅበት ግድግዳ የመጀመሪያውን እንመርጣለን። ሁለተኛውን የገዛ ሰው በየጊዜው ለመቀባት ቃል እንደገባ ይቁጠረው።

ጥራቱን ማወቂያው መጋዝ ነው። ከጫፉ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ገባ ተብሎ አንድ ጣውላ ይቆረጥ። ጫፉ ላይ ማየት ያታልላል፤ መድኃኒት በቃጫው ርዝመት እንደ ቧንቧ ስለሚሄድ የማንኛውም ጣውላ ጫፍ በደንብ የጠጣ ይመስላል። አዲስ በተቆረጠው ገጽ ላይ ዙሪያውን የቀለም ቀለበት መታየት አለበት። መሃሉ ቀላ ብሎ ሳይቀለም ቢቀር አያስደነግጥም፤ የፓይን ልብ መድኃኒት አይቀበልም። ከግንዱ ዳር የመጣው ነጣ ያለው ለጋ ክፍል ባዶ ሆኖ ከተገኘ ግን ጭነቱን መመለስ ነው። ስፕሩስ የሚባለው እንጨት ለጋውም ቢሆን እምብዛም አይጠጣም። ላዩ ላይ በተርታ የተወጉ ትንንሽ ስንጥቆች ያሉት ጣውላ ካጋጠመ ደግሞ ጉድለት አይደለም፤ መድኃኒቱ እንዲገባ ሆን ተብሎ የተወጋ ነው። የአውሮፓው መለኪያ ኢኤን 335 ደረጃ 3 ከመሬት ከፍ ብሎ ውጭ ለሚሠራ፣ ደረጃ 4 መሬት ለሚነካ እንጨት ነው፤ ለልባስ 3 ይበቃል፣ ለቋሚው እግር አይበቃም።

ይህ ስስ ቀለበት ነው እንግዲህ ሁሉን ነገር የሚወስነው። አናጢው ጣውላውን ለክቶ በቆረጠ ቁጥር ያልታከመውን ልብ ለዝናብ ይከፍታል፤ ጫፍ ደግሞ ውሃ የሚጠጣው ከፊቱ በብዙ እጥፍ ነው። የታከመ ጣውላ በአጭር ጊዜ በሰበሰ ሲባል ብስባሴው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከተቆረጠው ጫፍ ነው። መፍትሔው የጫፍ መድኃኒት በብሩሽ ሁለት ጊዜ ማጠጣት ነው፤ የመጀመሪያው እንደተመጠጠ ሁለተኛው ይደገማል። በድሪል የተበሳውም ቀዳዳ ይጠጣ። ጣውላው ግድግዳ ላይ ከወጣ በኋላ ጫፉን የሚያገኘው ብሩሽ የለም፤ ስለዚህ ሥራው መሬት ላይ እያለ ይጠናቀቅ።

እርጥበቱም ይለካ። ከበርሜሉ በቅርብ የወጣ ጣውላ ሲያነሱት ይከብዳል፣ ሲነኩት ይቀዘቅዛል። ሲመታ 16 በመቶ አካባቢ፣ ቢበዛ 20 ቢሆን ይመረጣል። 120 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ፓይን ከ20 ወደ 12 በመቶ ሲደርቅ 2 ሚሊሜትር ያህል ይጠባል። ትንሽ ይመስላል፤ 20 ጣውላ ሲደረደር ግን 4 ሳንቲሜትር ነው። ጥርስና ቦይ ያለው ተጠላላፊ ጣውላ እርጥብ ሆኖ ከተመታ ጥርሱ ከቦዩ ይወጣል፤ ደርቆ ያለ ክፍተት ከታጨቀ ደግሞ ሲያብጥ ግድግዳውን ያሳብጠዋል። በመጠላለፊያው 2 ሚሊሜትር መተው ነው። አንድ ጠርዙ ወፍራም ሌላው ስስ የሆነው ተደራራቢ ጣውላ ስህተትን የበለጠ ይችላል፤ ለቀላል ዕቃ ቤት ይኸኛው ይሻላል ባይ ነን። ቢያንስ 25 ሚሊሜትር ይደራረብ፣ ሚስማሩም ከታች ያለውን ጣውላ ራስ ሳይወጋ ከሱ ከፍ ብሎ ይመታ። ሁለቱን ባንድ የሰፋ ሚስማር ጣውላው ሲጠብ ይሰነጥቀዋል።

ሚስማር ላይ መቆጠብ ሞኝነት ነው። መድኃኒቱ ውስጥ ያለው መዳብ ተራውን ሚስማርና በስሱ ዚንክ የተቀባውን ቪቴ ቶሎ ይበላዋል፤ ከእያንዳንዱ ራስ ሥር ጥቁር እንባ የሚወርደው ለዚህ ነው። ትኩስ ዚንክ ውስጥ የተነከረ ወይም ስቴይንለስ ይሁን፤ ባሕር ዳርቻ ከሆነ ኤ4 የሚባለው ስቴይንለስ። ርዝመቱ የጣውላው ውፍረት ሁለት እጥፍ ተኩል።

ከጀርባው አየር ይለፍ፦ በጣውላውና በግድግዳው መሃል ሞራሌው የሚፈጥረው ቢያንስ 20 ሚሊሜትር ክፍተት፣ ከታችም ከላይም ክፍት፣ አፉ ላይ የነፍሳት ወንፊት። የታችኛው ጣውላ ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፤ ከዚያ ባነሰ ከመሬት የሚፈናጠቀው ውሃ ያርሰዋል።

መድኃኒቱ ብስባሴንና ነፍሳትን ይከላከላል እንጂ ፀሐይን አይመልስም። ያልተቀባ ጣውላ ይሻክራል፣ ይሸብታል፤ ጥንካሬው ግን በዚህ አይጎዳም። ማሸበቱን የማይወድ ሰው ቃጫው የሚታይበትን ቀለም ይቀባ፤ በውስጡ ያለው የቀለም ዱቄት ነው ፀሐዩን የሚያግደው። ዱቄት የሌለውን ቫርኒሽ ፀሐይ ሰንጥቆ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይገፈዋል። ድፍኑ ቀለም ረጅም ዕድሜ አለው፤ ሲላጥ ግን መፋቂያና ብርጭቆ ወረቀት ይዞ መሰለፍ ነው። የትኛውም ቢመረጥ የመጀመሪያው ቅብ ከመመታቱ በፊት ጀርባውንም ይንካ፣ ጣውላውም የደረቀ ይሁን። ለመቀባት ጊዜው መድረሱን ለማወቅ ውሃ ጠብ ይደረግበት፦ ካንከባለለ ገና ነው፣ ከጠጣው ደርሷል። በግፊት ውሃ ማጠብ ቃጫውን ስለሚያነሳ ለስላሳ ብሩሽና ሳሙና ይሻላል። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላልና ተዘርግቶ ውጭ ይድረቅ።

ሲቆረጥ የአፍ መሸፈኛ ይደረግ። ሰጋቱራው ለእንስሳት መኝታ አይሆንም፤ ቁርጥራጩም ለማገዶም ለከሰልም አይውል፣ ጭሱና አመዱ መርዝ አለው።