«ሌጎላንድ» የሚል ትኬት ሁሉ ሌጎላንድ አያስገባም፦ ለወላጆች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

ይህን የምጽፈው ልጆቻቸውን ይዘው ሌጎላንድ ወደሚባለው የልጆች መዝናኛ ፓርክ ለመሄድ በመዘጋጀት ላይ ላሉ ወላጆች፣ በተለይም ትኬቱን ከራሱ ከፓርኩ ሳይሆን «በቅናሽ እናስገኛለን» ከሚሉ ደላሎችና በማኅበራዊ ገጾች ላይ ከሚሸጡ ሰዎች ለመግዛት ለሚያስቡ ነው። ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴና ሦስቱ ልጆቻችን በደቡብ ጀርመን ጉንትስቡርግ ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው ሌጎላንድ ሄደን ነበር፤ በሩ ላይ ስንደርስ ግን ክፍያውን ጨርሰን የያዝነው ትኬት የዚያ ፓርክ ትኬት እንዳልሆነ ተነገረን። የተታለልንበት መንገድ ለማንም ጠንቃቃ ሰው የማይታይ ስለሆነ፣ ከእኛ በኋላ ሌላ ቤተሰብ እንዳይወድቅበት ዝርዝሩን ላስረዳ።

ነገሩን ለመረዳት በቅድሚያ ስሙን መለየት ያስፈልጋል። ሌጎ የሚለው ቃል «በደንብ ተጫወት» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የዴንማርክኛ ቃላት የተገኘ ሲሆን፣ የፕላስቲክ ጡብ መጫወቻ የሚሠራው ይህ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1932 ቢሉንድ በምትባል የዴንማርክ ከተማ ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ሌጎላንድም በ1968 በዚያችው ከተማ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ ዊንዘር በ1996፣ በካሊፎርኒያ በ1999፣ በጉንትስቡርግ በ2002፣ በዱባይ በ2016 እየተከፈቱ ሌሎችም ተከትለዋል። እነዚህ በሰፊ መሬት ላይ የተዘረጉ፣ ሮለር ኮስተሮችና የውኃ ላይ ጀልባዎች ያሏቸው፣ ታዋቂ ከተሞችና ሕንፃዎች በፕላስቲክ ጡብ ተሠርተው በ1 ለ20 ልኬት የቆሙበት ሚኒላንድ የሚባል ክፍል የያዙ፣ አንድ ቀን ሙሉ ውለንባቸው የማንጨርሳቸው ፓርኮች ናቸው።

ከእነዚህ ፓርኮች በተጨማሪ ግን «ሌጎላንድ ዲስከቨሪ ሴንተር» የሚባሉ ሌሎች ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው በ2007 በበርሊን የተከፈተ ሲሆን፣ በአብዛኛው ጣሪያ ሥር ያሉ፣ ብዙውን ጊዜ በትልልቅ የገበያ ማዕከላት ውስጥ የሚገኙና ትንንሽ ልጆች ሁለት ሦስት ሰዓት የሚጫወቱባቸው ማዕከላት ናቸው። በራሳቸው ጥሩ ቦታዎች መሆናቸውን መካድ አልፈልግም። በስፋትም ሆነ በይዘት ግን ከፓርኩ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም፤ የመግቢያ ዋጋቸውም በአብዛኛው ዝቅ ያለ ነው። ቢሉንድ ውስጥም በ2017 የተከፈተው ሌጎ ሃውስ ከሌጎላንድ ጋር በአንድ ከተማ ይገኛል፤ ነገር ግን የራሱ በር፣ የራሱ ትኬት ያለው ሌላ ቦታ ነው። እንግዲህ እኛን ያታለለን ሻጭ የተጠቀመው ይህንኑ የስም መመሳሰል ነበር።

ማስታወቂያው «ሌጎላንድ ጀርመን፣ የቤተሰብ ፓኬጅ» ይላል። ከሥሩ የተለጠፉት ፎቶግራፎች በሙሉ የጉንትስቡርጉ ፓርክ ናቸው፤ በሩ፣ ዘንዶው፣ ሚኒላንዱ ሁሉ አለ። ለስድስት ሰው መግቢያና ለአንድ ሌሊት ማደሪያ በድምሩ 610 ዩሮ ተጠየቅን፤ ይህም እኔ ለብቻዬ ካሰላሁት ዋጋ ብዙም የማይርቅ፣ ትንሽ ብቻ የሚቀንስ ስለነበር ጥርጣሬ አላሳደረብኝም። እንደተማርኩት ከሆነ፣ ከመጠን በላይ የረከሰ ዋጋ ሰውን ያስጠነቅቃል፤ ጥቂት ብቻ የቀነሰ ዋጋ ግን ያዘናጋል። ክፍያውን በባንክ ዝውውር ወይም ፔይፓል በሚባለው የኢንተርኔት መክፈያ «ለጓደኛና ለቤተሰብ» በሚለው መንገድ እንድንፈጽም ጠየቀን፤ በካርድ መክፈል እንደማይቻል ሲነግረን ምክንያቱን አልጠየቅነውም። ትኬቱ ደግሞ «ለደኅንነት ሲባል» ከጉዞው በፊት ባለው ምሽት እንደሚላክ ተገለጸልን።

በዚያ ምሽት ወደ አራት ሰዓት ገደማ ትኬቱ በስልኬ ደረሰ። ልጆቹን አስተኝተን ሻንጣ እየዘጋን ስለነበር ከፍቼ የተመለከትኩት ስድስት ኪውአር ኮዶች መኖራቸውንና ቀኑ ትክክል መሆኑን ብቻ ነበር። ሌጎላንድ የሚለው ስም ከላይ በጉልህ ተጽፏል። የቦታው ሙሉ ስምና አድራሻ ከኮዱ ሥር በግራጫ ቀለም፣ በስልክ ስክሪን ላይ ካላጎሉት በማይነበብ ፊደል እንደተጻፈ ያየሁት በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ተሰልፈን ተራችን ሲደርስ መሣሪያው የመጀመሪያውን ኮድ አልቀበልም አለ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። ሠራተኛዋ የስልኬን ብርሃን ጨመረች፤ ምስሉን በሁለት ጣቶቿ አጎላችና በግራጫ የተጻፈውን መስመር አሳየችኝ፦ ዲስከቨሪ ሴንተር፣ በርሊን። በርሊን ከዚያ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የስድስት ዓመቱ ልጃችን ከአጥሩ ማዶ የሚሽከረከሩትን መጫወቻዎች እያየ «ለምን አንገባም?» ይለኝ ነበር፤ ከኋላችን ያለው ሰልፍም እየረዘመ ሄደ። ሠራተኛዋ ባሳየችን ትሕትና እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ፤ ነገር ግን የሌላ ቦታ ትኬት ይዞ ለመጣ ሰው ማድረግ የምትችለው ነገር አልነበረም። ፓርኩም በዚህ ምንም ጥፋት የለበትም።

የዕለቱ የበር ዋጋ ቀደም ብሎ በኢንተርኔት ከሚገዛው ትኬት ይበልጣል። ስሌቱን ስንሠራ እናቴ ሰምታ «እኔ ለመሮጫና ለመሽከርከሪያ አልመጣሁም፤ እዚሁ ወንበር ላይ እጠብቃችኋለሁ» አለች። ብንለምናትም አልተመለሰችም። ልጆቹ የናፈቁትን ቀን አገኙ፤ አያታቸው ግን ከበሩ ውጭ ባለው ወንበር ላይ ቦርሳዎቻችንን ይዛ እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጠች። የገንዘቡ ነገር ከጊዜ ጋር ይረሳል፤ ይኼኛውን ግን መርሳት አልቻልኩም።

በዚያው ዕለት ለሻጩ ስጽፍለት የመለሰልኝ መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ «የሸጥነው ሌጎላንድ ጀርመን ብለን ነው፤ በርሊን ጀርመን ውስጥ ናት። ትኬቱ ትክክለኛና ለዕለቱ የሚሠራ ነው።» ትኬቱ ሐሰተኛ አለመሆኑ እውነት ነው፤ በርሊን ብንሄድ ኖሮ ያስገባን ነበር። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው፤ ሐሰተኛ ሰነድ ቢሸጥልን ኖሮ ጉዳዩ ግልጽ ማጭበርበር በሆነ ነበር። ይሁን እንጂ ማደሪያውን ከጉንትስቡርግ አርባ ደቂቃ በሚርቅ ቦታ የያዘልን ይኸው ሰው ነው። ለበርሊን ትኬት የቆረጠ ሰው ማደሪያ በሌላው የአገሪቱ ጫፍ ሊይዝ የሚችልበት ምክንያት አይገባኝም፤ ወዴት እንደምንሄድ በሚገባ ያውቅ ነበር።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ የሕግ ነጥብም አለ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኢንተርኔት የገዛነውን ነገር በ14 ቀናት ውስጥ ያለምንም ምክንያት መመለስ እንደምንችል ሁላችንም ሰምተናል። እኔም ይህን ይዤ ነበር የተከራከርኩት። ነገር ግን ይህን መብት የሚደነግገው የኅብረቱ የ2011 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ ለተወሰነ ቀን የተገዛ የመዝናኛ አገልግሎትን ከዚህ መብት ውጭ አድርጎታል፤ ስለዚህ ቀን የተቆረጠለት የፓርክ ትኬት፣ ሻጩ በራሱ ፈቃድ ካልፈቀደ በስተቀር፣ በዚህ መንገድ አይመለስም። በአንጻሩ ማደሪያንና የፓርክ መግቢያን አጣምሮ በአንድ ዋጋ የሚሸጥ ሰው እንደ ነገሩ ሁኔታ የጥቅል ጉዞ አዘጋጅ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ «እኔ አገናኝ ነኝ» ብሎ ማምለጥ አይችልም፤ በጥቅሉ ውስጥ ላለው አገልግሎት ሁሉ ኃላፊው እርሱ ነው። ስለ ጥቅል ጉዞ የወጣው የ2015 መመሪያም እንዲህ ያለው ሻጭ ከመዋዋሉ በፊት የደንበኛውን መብቶች የሚዘረዝር የመረጃ ቅጽ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ለእኛ አንድም ወረቀት አልተሰጠንም። «ፓኬጅ» የሚል ቃል የሚጠቀም ሻጭ ሲያጋጥማችሁ ይህን ቅጽ ጠይቁት፤ ከተቆጣ ወይም ካላወቀው እዚያው ተዉት።

ክፍያን በተመለከተም ልብ ማለት የሚገባ ነገር አለ፦ በካርድ የከፈለ ሰው የተገባለትን አገልግሎት ካላገኘ ካርዱን በሰጠው ባንክ በኩል ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። በባንክ ዝውውር የተላከ ገንዘብ ግን ከተቀባዩ ሒሳብ ከገባ በኋላ እርሱ ካልፈቀደ በቀላሉ አይመለስም፤ በፔይፓል «ለጓደኛና ለቤተሰብ» ተብሎ የተላከም የገዢ ጥበቃ የለውም። ካርድ አልቀበልም ያለን ሻጭ ያኔውኑ ማለፍ ነበረብን።

ጉዳዩን ከተመለከትኩ በኋላ ሌሎች የተለመዱ ዘዴዎችም እንዳሉ ተረድቻለሁ። የሁለት ዓመቷ ልጃችን ትኬት ከስድስቱ አንዱ ሆኖ ተቆጥሮብን ነበር፤ በብዙዎቹ ሌጎላንዶች ግን ከሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በነጻ ይገባሉ። በዱባይ ሌጎላንድና የሌጎላንድ የውኃ ፓርክ ጎን ለጎን ቢሆኑም የየራሳቸው መግቢያ አላቸው፤ «ሁለቱንም» የሚል ቃል በትኬቱ ላይ እስካልተጻፈ ድረስ ሻጩ በቃሉ የተናገረው አይጠቅማችሁም። ጉንትስቡርግና ቢሉንድ በብርዱ ወራት አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ናቸው፤ ስለዚህ ለጥር ወይም ለየካቲት ትኬት የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ መጀመሪያ የፓርኩን የመክፈቻ ቀናት ተመልከቱ። ሰልፍ የሚያሳጥር ተጨማሪ አገልግሎትም ከመግቢያው ተለይቶ የሚሸጥ ነው፤ «በውስጡ ተካቷል» ሲባል በጽሑፍ አስፍሩ።

«ሁሉም መጫወቻ ተካቷል» የሚለው አባባልም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፓርኩ በአጠቃላይ ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች ታስቦ የተሠራ ቢሆንም፣ መጫወቻዎቹ በአብዛኛው በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በቁመት ነው የሚፈቀዱት። አንዳንዱ 90 ሴንቲሜትር፣ አንዳንዱ 1 ሜትር፣ ኃይለኞቹ ደግሞ 1 ሜትር ከ20 ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹም ልጁ ከአዋቂ ጋር ካልሆነ አይፈቅዱም። ከቤት ሳትወጡ ልጆቻችሁን በግድግዳ ላይ ለኩና የየመጫወቻውን ልክ ከፓርኩ ገጽ ላይ አመሳክሩ። ሁለት አዋቂ ለሦስት ልጅ ሲሆን ማን ከማን ጋር እንደሚወጣም አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል፤ እኛ ይህን አልተነጋገርንበትምና እናቴ ውጭ በመቅረቷ ታናሿን የሚይዝ ሰው አጥተን አንዱን መጫወቻ ከሌላው መምረጥ ግድ ሆኖብን ነበር።

ትኬቱን ከፓርኩ ከራሱ ገጽ መግዛት ከሁሉ የተሻለ ነው፤ ቀኑን አስቀድሞ ወስኖ ለገዛ ሰው የሚደረገው ቅናሽ ደላላው ከሚሰጠው ብዙም አያንስም። ከሌላ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የከተማው ስም፣ «ዲስከቨሪ ሴንተር» የሚል ቃል አለመኖሩ፣ ቀኑና የሰው ብዛቱ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ይረጋገጥላችሁ፤ ትኬቱም ከጉዞው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ በእጃችሁ ይግባ። አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ትኬቱን አጉልታችሁ ከኮዱ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ስሕተት ካገኛችሁ የማስታወቂያውን ገጽ፣ ፎቶግራፎቹንና የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ሳይጠፋ በስክሪን ሾት አስቀምጡ። እኛ ይህን ዘግይተን ስላደረግነው ማስታወቂያው ተለውጦ ጠበቀን፤ አሁን «ሌጎላንድ ጀርመን» ከሚለው ቀጥሎ በትንሽ ፊደል «በርሊን» የሚል ተጨምሮበታል፤ የጉንትስቡርግ ፎቶግራፎች ግን አሁንም እንዳሉ ናቸው። ለፖሊስ አመልክተናል፤ ለሸማቾች ጥበቃ ድርጅትም ጽፈናል፤ ገንዘባችን ግን እስካሁን አልተመለሰም።