ለሰርቮ ድራይቭ ብሬክ ሬዚስተር፦ የውስጡ ይበቃል ወይስ የውጭ ይገዛ?

ባሕር ዳር ውስጥ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ) ማሽን ይዛችሁ የምትሠሩ ይህን ኤረር ሳታውቁት አትቀሩም። ማሽኑ በፍጥነት ሄዶ ቀጥ ሊል ሲል ድራይቩ፣ ማለትም ሞተሩን የሚነዳው መቆጣጠሪያ፣ «ኦቨርቮልቴጅ» (ቮልቴጅ ከልክ አለፈ) ብሎ ይዘጋል። ሞተሩ ፍጥነት ሲቀንስ ጄኔሬተር ይሆናል። የሚመልሰውን ኃይል ወደ ሙቀት የሚቀይር በቂ ሬዚስተር ከሌለ የድራይቩ ቮልቴጅ ከልክ በላይ ከፍ ይላል።

ብዙ ሰው ሬዚስተር የሚገዛው የሞተሩን ዋት አይቶ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ማሽኑ በየስንት ሴኮንዱ ይቆማል የሚለው ነው።

ባለ 220 ቮልት ድራይቭ እንውሰድ። የሞተሩና የጭነቱ ኢነርሻ (የፍጥነት ለውጥን የመቃወም መጠን) ተደምሮ 0.003 ኪሎግራም ሜትር ስኩዌር ነው እንበል። በደቂቃ 3000 ዙር እየዞረ ሲቆም 148 ጁል ገደማ ይመልሳል። በድራይቩ ውስጥ ኃይል የሚያጠራቅመው ካፓሲተር 1000 ማይክሮፋራድ ከሆነ ከ320 ወደ 380 ቮልት ሲወጣ 21 ጁል ይይዛል። 127 ጁል ለሬዚስተሩ ይቀራል። በየ10 ሴኮንዱ ከቆመ በአማካይ 13 ዋት ነው። በየ2 ሴኮንዱ ከቆመ 64 ዋት ይሆናል። ሞተሩ ያው ነው፣ ድራይቩም ያው።

ለመጀመሪያው የውስጡ ሬዚስተር ይበቃል፤ ብር አታውጡ። ግን መኖሩን አረጋግጡ፣ አንዳንድ ትንንሽ ድራይቮች ጭራሹን የላቸውም።

ለሁለተኛው እኔ የምመርጠው ባለ አልሙኒየም ሽፋኑን፣ 200 ዋት ነው። ብዙ ጊዜ ላዩ ላይ የተጻፈው ዋት የሚሠራው ሰፊ ብረት ላይ በደንብ ሲታሰር ነው። ደግሞም ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አይወስድም። ከ1000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ መቀነስ የተለመደ ነው። የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ሲጨመርበት ሦስት እጥፍ ገደማ መያዝ ብክነት አይደለም።

የሴራሚክ ቱቦ ሬዚስተሩ ለብረት ሥራ ቤት፣ በወንፊት ሳጥን ተከልሎ ከሆነ ጥሩ ነው። ለእንጨት ሥራ ቤት ግን በፍጹም አልመክርም። ሲጫን ላዩ ከ200 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፣ ሰጋቱራ ደግሞ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። እሳት ነው የምትጋብዙት።

ሰው በብዛት የሚሳሳተው ኦሙ (የሬዚስተሩ የመቋቋም መጠን) ላይ ነው። ይኸው ማሽን በ0.1 ሴኮንድ ከቆመ ብሬክ ሲጀምር 3000 ዋት አካባቢ ይመልሳል። 100 ኦም በ380 ቮልት የሚችለው 1444 ዋት ብቻ ነው፤ ዋቱ የፈለገውን ያህል ቢተልቅ ኤረሩ አይጠፋም። 40 ኦም 3610 ዋት ይወስዳል፣ ይበቃል። «እንግዲያው 20 ይሁን» እንዳትሉ። 19 አምፔር ይስባል፤ የድራይቩ ማኑዋል ትንሹ 40 ነው ካለ ሬዚስተሩን የሚያበራና የሚያጠፋውን የድራይቩን ትራንዚስተር ታቃጥሉታላችሁ።

እጃችሁ ላይ 100 ኦም ብቻ ካለ፣ ሌላው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የማቆሚያ ጊዜውን ወደ 0.3 ሴኮንድ አርዝሙት። የመነሻው ኃይል ወደ 1000 ዋት ይወርዳል። አማካዩ ዋት ግን ብዙም አይቀንስም፣ ስለዚህ ትንሽ ዋት ያለውን በዚህ ዘዴ ማዳን አይቻልም።

የውጭውን ስትገጥሙ ድራይቩን አጥፉና የቻርጅ መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቁ። በብዙ ድራይቮች የውስጡን ሬዚስተር የሚያገናኝ ጃምፐር (አጭር ማገናኛ) አለ፤ ማኑዋሉ አውጡ ካለ አውጡት። ከዚያ አዲሱን ኦምና ዋት ፓራሜትር ላይ አስገቡ።