የማታው የስፓኒሽ ኮርስ፦ ለትንቢት ጊዜው ብቻ እንኳ ያዋጣል

የምሠራው አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። አብረውኝ አንሶላ የሚያጥፉት ሁለቱ ሴቶች ከኤል ሳልቫዶር ናቸው። ከነሱ ጋር በወጉ ለማውራት ብዬ ሰፈራችን ያለ የማታ ኮርስ ገባሁ፤ ማክሰኞና ሐሙስ፣ 8 ሳምንት፣ 190 ዶላር። ለመመዝገብ የምታስቡ ካላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ገንዘቤ ሐላል የሆነልኝ አምስተኛው ሳምንት ላይ፣ የትንቢት ጊዜን፣ ማለትም ገና የሚሆነውን የምንናገርበትን፣ ስንጀምር ነው። ግሡን ምንም ሳትቆርጡ እንዳለ ወስዳችሁ ጭራ ትቀጥሉለታላችሁ። አብላር መናገር ነው፤ አብላሬ እናገራለሁ፣ አብላራስ ትናገራለህ፣ አብላራ ይናገራል፣ አብላሬሞስ እንናገራለን፣ አብላራን ይናገራሉ። በአሁን ጊዜ ግሦቹ ሦስት ቦታ ተከፍለው በየራሳቸው ይረባሉ፤ እዚህ ግን ጭራው ለሁሉም አንድ ነው። ድምፃችሁ ብቻ ጭራው ላይ ይረፍ፤ መሀሉ ላይ ካረፈ አብላራ ሌላ ትርጉም ይይዛል።

መምህሯ ጭራው በድሮው ላቲን "አለኝ" የሚለው ግሥ ከኋላ ተለጥፎ የቀረ ነው ስትል ዘልዬ ተነሣሁ። ሰሌዳው ላይ በፊደላችን "እሄዳለሁ" ብዬ ጻፍኩና ለሁለት ከፈልኩት፦ እሄድ፣ አለሁ። የኛም ላይ የተለጠፈው "አለ" ነው እኮ! መምህሯ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ከዚያ ማታ ወዲህ ጭራው ጠፍቶኝ አያውቅም።

ቅር ያለኝ ነገር አለ። ከደንቡ የሚወጡት 12 ግሦች በመጨረሻዋ 10 ደቂቃ በአንድ ወረቀት ታደሉን። ቴኔር ("አለኝ" የምንልበት) ቴንድሬ፣ አሴር (ማድረግ) አሬ፣ ሳሊር (መውጣት) ሳልድሬ ይሆናል፤ ሰው አፍ ላይ ውሎ የሚያድረው እነዚህ ናቸውና አንድ ሙሉ ማታ ይገባቸው ነበር። በአንጻሩ ስፔን ካልሄዳችሁ የማትሰሙት "ቮሶትሮስ" ("እናንተ" ማለት ነው) ግማሽ ክፍለ ጊዜ በላ።

መጽሐፉ በአንድ መስመር ያለፈውን ደግሞ ሥራ ቦታ አገኘሁት። ባለፈው ዓርብ የፎጣው ጋሪ ጠፋና አንዷ "ዶንዴ ኤስታራ?" አለች። ስለ ነገ አይደለም የጠየቀችው፤ "የት ይሆን?" ማለቷ ነው። እኛስ "ሦስት ሰዓት ይሆናል" እንል የለ!

"ኤስታራ አባሆ" አልኳት፤ ታች ይሆናል። ወርደን አየን፤ ታች ነበር።