ማኪታ ቢኦ 5031 ሳንደር፦ አሪፍ ነው ግን አትጫኑት

ስለዚህ ክብ ሳንደር (እንጨት በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ የኤሌክትሪክ ማሽን ነው) ብዙ ሰው በውስጥ ስለጠየቀኝ እዚሁ ልጻፈው። 300 ዋት ነው፣ የሚይዘው ወረቀት 125 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 1.3 ኪሎ አካባቢ ስለሆነ በአንድ እጅ ይያዛል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ4,000 እስከ 12,000 ይስተካከላል። ፍጥነቱ የማይቀየር 5030 የሚባልም አለ፣ እኔ ግን ትንሽ ጨምራችሁ ይሄንን ውሰዱ ነው የምለው ምክንያቱም ቀለም የተቀባ በር በሙሉ ፍጥነት ስትፍቁ ቀለሙ ይሞቅና ወረቀቱ ላይ ይጋገራል፣ ቀነስ ስታደርጉት ግን ዱቄት ሆኖ ይወጣል።

አሁን "ሳንደር ጭረት ይተዋል" የሚባለው ነገር... አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእጃችን ነው። ማሽኑ ይዞራል፣ እየዞረ ደግሞ በትንሹ ይንቀጠቀጣል፣ ጭረቱን የሚያጠፋው የሁለቱ መደባለቅ ነው። ስትጫኑት መዞሩ ይቀርና መንቀጥቀጡ ብቻ ይቀጥላል፣ ያኔ ጥምዝምዝ ያለ ጭረት ይተዋል፣ ጉዱም የሚወጣው ቫርኒሽ ሲቀባ ነው። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፦ ወረቀቱ የሚለጠፍበት ጎማ ጠርዝ ላይ በማርከር አንድ መስመር አድርጉ፣ እየሠራችሁ መስመሩ ሲዞር ካልታያችሁ ተጭናችኋል ማለት ነው። የራሱ ክብደት ይበቃዋል ባካችሁ! ልብስ እንደሚተኩስ ሰው ቶሎ ቶሎ ወዲያ ወዲህ ማለትም አያስፈልግም፣ ቀስ።

ዋንዛ ላይ በ80 ቁጥር ወረቀት ጀምሬ 120 ከዛ 180 (ቁጥሩ ሲያንስ ወረቀቱ ሻካራ ነው)። ከ80 ወደ 180 መዝለል ወረቀት መቆጠብ ይመስላል እንጂ የ80ው ጭረት እዛው ነው የሚቀረው። በየመሃሉ አቧራውን ጥረጉ፣ የቀረች አንዲት ሻካራ ቅንጣት ወረቀቱ ስር ገብታ ሥራውን ታበላሻለች። እንጨቱን በእርሳስ ሞነጫጭሩትና እርሳሱ እስኪጠፋ ፍቁ፣ ያልተነካ ቦታ ካለ ወዲያው ያስታውቃል። ኮምፔንሳቶ ላይ ግን በ80 እንዳትሞክሩት፣ የላይኛው ልባስ ስስ ስለሆነ ሳታስቡት ታልፉታላችሁ።

ወረቀት ስትገዙ ቀዳዳው ከማሽኑ ቀዳዳ ጋር መግጠሙን እዩ፣ ካልገጠመ የማሽኑ የአቧራ ከረጢት አቧራ አይሰበስብም። ስም የለሽ ርካሽ ወረቀት ገዝቼ ቬልክሮው (ጎማው ላይ የሚለጠፈው ጀርባው) ሥራ መሃል እየተላቀቀ አናዶኛል። ከረጢት አለው ብላችሁ ደግሞ ያለ ማስክ እንዳትሠሩ፣ ደቃቁ አቧራ አይቀርላችሁም።

ለጠረጴዛ፣ ለቁም ሳጥን፣ ለበር በደንብ ይሠራል። ለማዕዘን ግን አይሆንም፣ ክብ ነው፣ እሱን በእጃችሁ ነው የምትጨርሱት።