በኪሎ ተመዝኖ የሄደው የኤንትሬ ሞተሬ (ኤንትሬ ያላችሁ ተጠንቀቁ!)

ትናንት ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ እስክገባ አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ስሳደብ ነው የመጣሁት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ልጄ፣ አሞሃል?» አሉኝ። አዎ፣ አሞኛል። ንዴቴ አልበረደም፤ አጻጻፌን ይቅር በሉኝ።

መኪናዋ ፊያት 682 ኤን 3 ናት፤ ኤንትሬ የምንላት የድሮ የጣሊያን የጭነት መኪና፤ መሪዋ በቀኝ፣ አባቴ ያሳደገን በእሷ ነው። ሞተሯ ስድስት ሲሊንደር፣ 11.5 ሊትር፣ አየር የሚጨምቅለት ተርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ዘንድሮ ዘይት መብላትና ማጨስ አበዛች። የሰፈራችን መካኒክ «ፋሻና ካሚሳ (የፒስተን ቀለበትና ፒስተኑ የሚሄድበት ሲሊንደር) ነው፤ ቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) አውርደን፣ የናፍጣ ፖምፓውን አስተካክለን ትነሳለች፤ ዕቃ ፍለጋው ግን ጊዜ ይወስዳል» ብሎኝ ነበር። እኔ ቸኮልኩ። ጤፍ ተወቅቶ ጭነት እየጠበቀኝ፣ ማን ዕቃ ሲፈልግ ይከርማል?

ሞተር ሻጮቹን መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ወንበር በጨርቅ ጠርገው ያስቀምጡሃል፣ ማኪያቶ ያዛሉ፣ ስለ ልጆችህ ይጠይቃሉ። ከዚያ ታጥቦ ብርማ ቀለም የተቀባ ሞተር ያስነሱልሃል፤ መሬት ላይ፣ ያለ ጭነት! ለእኔ ያስነሱልኝ የአይሱዙ ስድስት ኤች ኬ ዋን ሞተር ነበር፤ 7.8 ሊትር፣ ተርቦ ያለው፣ ኮመን ሬል (ናፍጣውን በኮምፒውተር እየለካ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ)። «ፋዘር፣ ዘመኑ ተቀይሯል። ያንተው እኮ የሙዚየም ዕቃ ነው። ይሄ ናፍጣህን በግማሽ ይቀንሳል» አለኝ ሻጩ። የድሮውን ምን ላድርገው ስለው ሳቀ። «ቁራጭ ብረት ነው፣ ለአንተ ስል በኪሎ ልያዝልህ።»

ተስማማሁ። የአባቴን ሞተር ሚዛን ላይ ሲሰቅሉት ሰንሰለቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። በእጄ! የሱቁን ሠራተኛ ልጆችም ምሳ ጋበዝኩ።

አዲሱ ሞተር በተገጠመ በ11ኛው ቀን ጤፍ ጭኜ ከደጀን ዓባይ በረሃ ወረድኩ። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት ስጀምር ሙቀቱ ወደ ቀይ ሄደ፣ አንዲት ቢጫ መብራት በራች፣ ጉልበቱ ጥፍት አለ። ሌሊቱን እዚያው ዳገት ላይ አደርኩ። በኋላ ነው የገባኝ፦ የኤንትሬ ካምቢዮና ዲፈረንሻል (የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያደርሱት ጥርሶች) የተሠሩት በደቂቃ ከ2,000 ዙር በታች ቀስ እያለ ለሚጎትት ሞተር ነው። አዲሱ ጉልበቱን የሚሰጠው ዙሩ ከፍ ሲል ነው፤ ራዲያተሩም የድሮው ነው። ኮመን ሬል ደግሞ ውኃና ቆሻሻ ያለበትን ናፍጣ አይችልም፤ እኛ ደግሞ የምንቀዳው ከበርሜል። ሞተሩ መጥፎ ነው አልልም፤ በራሱ መኪና ላይ ጎበዝ ነው። የእኔ ላይ ግን ባዕድ ነው፣ ሻጩም ይህን ያውቃል። ማወቁን እንዴት አወቅህ ካላችሁኝ፣ ትናንት በጆሮዬ ሰምቼ።

ሻጩን ልጣላው ባሕር ዳር ሄድኩ። ከሱቁ ጀርባ ሸራ የተገለጠ ሞተር አለ፤ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ጎኑ ላይ አባቴ ድሮ ያስበየዳት ጠማማ ብረት አለች። እሷን በጨለማም ቢሆን በእጄ ዳስሼ አውቃታለሁ። ፊቱ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ቆመዋል፤ ሰውየው እያስረዳቸው ነው። «ኦርጅናል የጣሊያን ነው ጋሼ፣ አሁን ከየትም አይገኝም። የኮምፒውተሩን ሞተር ይተዉት፣ የዓባይ ዳገት ይገድለዋል። ይሄን ግን ቁልፍ የያዘ መካኒክ ሁሉ ይፈታዋል።» የጠራላቸውን ዋጋ አልጽፈውም፤ ስጽፈው እንደገና ያመኛል።

አየኝ። ይደነግጣል ብዬ ጠበቅኩ። «እንዴት ነህ ፋዘር! መኪናዋ እንዴት ናት?» አለኝ። ያ የእኔ ሞተር ነው አልኩት። ምሳ የጋበዝኩት ልጅ ብሎን እየጠረገ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «በኪሎ ሸጠውት የለም እንዴ?» አለ። አንቱታው ነው የገደለኝ። ሁሉም ሳቁ። ሽማግሌው ተራ በተራ አዩን። እኔም እፍረት አንቆኝ አንድ ቃል ሳልነግራቸው ወጣሁ። ገዝተውት ይሆን? ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት እሱን ነው።

ሌላም አለ። ሊብሬዬ ላይ ያለው የሞተር ቁጥር አሁንም የአባቴ ሞተር ነው፤ የአዲሱ ቁጥር ደግሞ ተፍቋል። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን (ሞተሩ በሕግ መግባቱን የሚያሳየውን ወረቀት) ስጠይቅ «ይደርሳል» ነበር መልሱ። ቦሎ ልታደስ ስሄድ ምን ልል ነው?

እንግዲህ ማሳደስ ከቻላችሁ አሳድሱ። መቀየር ግድ ከሆነም መካኒካችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወረቀቱን ሳታዩ አትክፈሉ፣ አሮጌውን ሞተር ቤታችሁ አስቀምጡ።

ክሰስ የምትሉኝ አላችሁ። በምን ማስረጃ? በእጄ ያለችው ሚዛኑን የጻፉባት የሲጋራ ፓኮ ቁራጭ ናት። ኪሎው አለ፤ ስምም ማኅተምም የለባትም።